ጳጉሜን የዋጠው ኮድ

ላፍቶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የአንድ ነዋሪዎች ማኅበርን መዋጮ የሚመዘግብ ፕሮግራም ተረክቤ ነበር። የጻፈው ልጅ ሥራ ቀይሮ ሄዷል፤ አንዲት መስመር ማብራሪያ አልተወም። በሁለተኛው ሳምንት አንዲት እናት ደረሰኝ ይዘው መጡ። «ልጄ፣ እኔ ከፍያለሁ፤ መዝገባችሁ ግን አልከፈሉም ይለኛል» አሉኝ። ደረሰኙ የጳጉሜን 3 ነው። ሳጣራ የእሳቸው ብቻ ሳይሆን የጳጉሜን ክፍያ በሙሉ በሪፖርቱ ውስጥ የለም።

ፕሮግራሙ የተጻፈው በሩቢ ነው። ሩቢ ጃፓናዊው ዩኪሂሮ ማትሱሞቶ እ.ኤ.አ. በ1995 ለሕዝብ ያቀረበው፣ ኮድ የሚጽፈው ሰው እንዲደሰትበት ታስቦ የተሠራ ቋንቋ ነው። በሩቢ አንድ ነገር አልሆን ሲል ፕሮግራሙ «ኤክሴፕሽን» ያነሣል። ኤክሴፕሽን የድረሱልኝ ጩኸት ነው፤ ምን እንደተበላሸና በየትኛው ፋይል፣ በስንተኛው መስመር እንደተበላሸ ይናገራል። የሚሰማው ካጣ ፕሮግራሙ ይቆማል። ጩኸቱን ሰምቶ መላ የሚፈልገው የኮድ ክፍል «ሬስኪው» ይባላል። «ኤንሹር» የሚባለው ደግሞ ሥራው ተሳካም አልተሳካ የግድ የሚደረገውን ያደርጋል፤ ለምሳሌ የተከፈተ ፋይል ይዘጋል።

የሩቢ የቀን መቁጠሪያ 13ኛ ወር አያውቅም። ጳጉሜን 3 ሲሰጠው «ይህ ቀን የለም» ብሎ ይጮኻል። ጥቅምት ሁለተኛ ወራችን ስለሆነም እንደ ፌብሩዋሪ ይቆጥረዋል፤ ጥቅምት 30ን ሁልጊዜ፣ ጥቅምት 29ን ከአራት ዓመት በሦስቱ አይቀበልም። ኮዱን የጻፈው ልጅ ይህ ጩኸት ሲያስቸግረው በመስመሩ ጫፍ ላይ «ሬስኪው ኒል» ብሎ ጨመረበት። ካልሆነ ባዶ አድርገህ እለፍ ማለቱ ነው። ክፍያው ያለ ቀን ተመዘገበ፤ ወርሃዊው ሪፖርት ደግሞ ቀን የሌለውን አይቆጥርም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ? ፕሮግራሙ ያን ጊዜ ቢቆም ኖሮ ስሕተቱ በዕለቱ ይታወቅ ነበር።

ስለዚህ የሌላ ሰው ኮድ ስረከብ መጀመሪያ የምፈልገው ሬስኪውን ነው። የስሕተቱን ስም ሳይጠራ የተጻፈ ሬስኪው ብዙ ይውጣል፤ የፊደል ግድፈት ያለበትን ትእዛዝ ሳይቀር ይደብቃል። «ኤክሴፕሽን» የሚለውን የስሕተቶች ሁሉ ወላጅ ስም ጠርቶ ሁሉንም ልያዝ የሚለው ይብሳል፤ ፕሮግራሙን ከኪቦርድ ለማቆም ስንሞክር እንኳ እምቢ ሊል ይችላል። የሚጠበቀውን ስሕተት ለይቶ በስሙ መያዝ፣ ሌላውን እንዲጮኽ መተው ነው የሚሻለው። መብራት ሄዶ ኔትወርክ ሲቋረጥ «ሪትራይ» ብሎ እንደገና መሞከር ይቻላል፤ ግን ቁጥሩ ይወሰን። ክፍያ ላይ ደግሞ የመጀመሪያው መድረስ አለመድረሱ ሳይጣራ አይሞከር፤ ሰው ሁለት ጊዜ ይከፍላል።

የአጻጻፍ ወጥነት ጌጥ ይመስለኝ ነበር። እዚህ ኮድ ውስጥ ግን «የክፍያ ቀን» የሚለው ስም በአንዱ ፋይል ቃላቱ በሥር መስመር ተያይዘው፣ በሌላው በትልቅ ፊደል እየተጀመሩ ተጣብቀው ተጽፏል። በአንዱ ስም ስፈልግ ግማሹ ያመልጠኛል። ቡልጋርያዊው ቦዢዳር ባትሶቭ እ.ኤ.አ. በ2012 የጀመረው ሩቦኮፕ የተባለ የሩቢ ኮድ መፈተሻ ይህን ይቆጣጠራል፤ የታፈነ ኤክሴፕሽን ሲያይም ያስጠነቅቃል። አሮጌ ኮድ ላይ ሲለቁት የጥፋት መዓት ስለሚዘረግፍ፣ ነባሩን በአንድ ፋይል መዝግቦ አዲሱን ብቻ እንዲቆጣጠር ማድረግ ይቻላል። እኔም እንዲሁ አደረግሁ። ከሁሉ በፊት ፕሮግራሙ ያለውን ጠባይ የሚመዘግብ ቴስት (መፈተሻ ኮድ) ጻፍኩ፤ ከዚያ ስሕተቱን፣ ለብቻው ደግሞ አጻጻፉን አረምኩ። ሁለቱ በአንድ ኮሚት (በአንድ የለውጥ ምዝገባ) ከተቀላቀሉ ምን ለምን እንደተለወጠ ማንም አያገኘውም።

አሁን ፕሮግራሙ 13 ወር ያውቃል፤ ጳጉሜንን 5 ቀን፣ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ 6 ቀን አድርጎ ይቆጥራል። የጠፉትን ቀኖች ከደረሰኝ ቅጂዎች እያየን አንድ በአንድ መለስናቸው። ኮድ ጽፋችሁ ወደ ሌላ ሥራ የምትሄዱ ወንድሞችና እኅቶች፣ ሬስኪው ስትጽፉ ምክንያቱን በአንድ መስመር ተዉልን።