የዱባይ ሆቴል ሥራ ያዋጣል?
በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ ተመሳሳይ ነው፦ «ዱባይ ሆቴል 2,000 ድርሃም ሊከፍሉኝ ነው፤ ልሂድ?» እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፦ መሠረታዊ ደመወዙ ስንት ነው?

በኤምሬትስ ሕግ የትርፍ ሰዓትም ሆነ የስንብት ክፍያ የሚሰላው በመሠረታዊው እንጂ በጠቅላላው አይደለም። ከ2,000ው መሠረታዊው 1,200 ብቻ ከሆነ፣ አንድ ዓመት ሠርታችሁ ስትለቁ የሚታሰብላችሁ የ21 ቀን ማለትም 840 ድርሃም ነው። መሠረታዊው 1,600 ቢሆን 1,120 ይሆን ነበር። ሰርቪስ ቻርጅ የሚሉትንማ ውሉ ላይ በቁጥር ካልሰፈረ ዜሮ ብላችሁ ያዙት። በበጋው ሙቀት እንግዳ ሲቀንስ እሱም አብሮ ይቀንሳል።

ቀጥሎ ማደሪያ። ሆቴሉ መኝታ፣ ምግብና ትራንስፖርት ከቻለ በ2,000 ድርሃም ገንዘብ መቋጠር ይቻላል። «ራሳችሁ ተከራዩ» ካለ ግን በእኔ ግምት አያዋጣም፤ እዚያ በዚህ ደመወዝ የሚከራዩት አልጋ ነው፣ ክፍል አላልኩም።

ድርሃም ከዶላር ጋር በ3.67 ገደማ የታሰረ ስለሆነ 2,000ው ወደ 545 ዶላር ነው። በብር ሲመነዘር ቁጥሩ ያጓጓል፤ የምትበሉት ግን በድርሃም ነው። ስለዚህ ደመወዝን ከደመወዝ አታነጻጽሩ። እዚህ ወር ሲያልቅ የሚተርፋችሁንና እዚያ የሚተርፋችሁን አስሉ።

የቅጥር ወጪን ደግሞ ሕጉ በአሠሪው ላይ ነው የጣለው። ለሥራው ክፈሉ የሚል ደላላ ከመጣ እዚያው ላይ አቁሙ። ውሉን ሳትፈርሙ በፊት የሚያውቅ ሰው አሳዩ።