ኮሚት ከማድረጋችሁ በፊት ዲፉን አንብቡ

ዲላ ሆናችሁ የመመረቂያ ፕሮጀክት የምትሠሩ ልጆች በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ስለ ጊት ነው። አብዛኛው ጥያቄ ደግሞ «ትናንት ይሠራ ነበር፣ ዛሬ ምን ነካው?» የሚል ነው። መልሱ ብዙ ጊዜ ሳይነበብ ኮሚት የተደረገ ለውጥ ውስጥ ይገኛል። (ትዕዛዞቹን በፊደላችን የጻፍኩት ለንባብ ነው፤ ተርሚናል ላይ በላቲን ፊደል ትጽፏቸዋላችሁ።)

መጀመሪያ ይህን ያዙ። ጊት ሥራችሁን በሦስት ቦታ ያያል፦ አሁን እየጻፋችሁበት ያለው ፎልደር፣ በ«ጊት አድ» ለኮሚት ያሰለፋችሁት (ስቴጅ የሚባለው) እና የመጨረሻው ኮሚት።

🔹 ጊት ስታተስ፦ የትኞቹ ፋይሎች እንደተነኩ ብቻ ይነግራችኋል።
🔹 ጊት ዲፍ፦ ፎልደሩን ከስቴጁ ጋር ያነጻጽራል።
🔹 ጊት ዲፍ --ስቴጅድ፦ ስቴጁን ከመጨረሻው ኮሚት ጋር ያነጻጽራል። ኮሚት ውስጥ የሚገባው በትክክል ይሄ ነው።

ብዙ ሰው የሚደናገረው እዚህ ጋ ነው። ሁሉን አድ ካደረጋችሁ በኋላ «ጊት ዲፍ» ብትሉ ባዶ ይመልሳል። ለውጡ ጠፍቶ አይደለም፣ ወደ ስቴጅ ገብቶ ነው። ገና አድ ያልተደረገ አዲስ ፋይልም ዲፍ ላይ አይታይም፤ እሱን የምታገኙት ስታተስ ላይ ነው።

አሁን ምሳሌ እንይ። ነሐሴ 2015 የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት የጌዴኦ ዞን ወደ አዲሱ ክልል ገባ። የከተሞች ዝርዝር ያለበት ሲስተም የነበረው ሁሉ ፋይሉን ማስተካከል ነበረበት። ዲፉ እንዲህ ቢወጣስ?

@@ -1,3 +1,3 @@
 ከተማ,ዞን,ክልል
-ዲላ,ጌዴኦ,ደቡብ
-ይርጋጨፌ,ጌዴኦ,ደቡብ
+ዲላ,ጌዴኦ,ደቡብ ኢትዮጵያ
+ይርጋጨፌ,ጌዲኦ,ደቡብ ኢትዮጵያ

- የወጣው፣ + የገባው ነው፤ ምልክት የሌለው ያልተነካ መስመር ነው። የክልሉ ስም በትክክል ተቀይሯል። የመጨረሻውን መስመር ግን ደግማችሁ እዩት፦ «ጌዴኦ» «ጌዲኦ» ሆኗል! ኮዱ ኤረር አይሰጥም፣ ገጹም ይከፈታል። ተጠቃሚው በዞን ሲፈልግ ግን ይርጋጨፌን አያገኛትም። እንዲህ ያለውን ስህተት የሚይዘው የእናንተ ዓይን ብቻ ነው።

አማርኛ ላለበት ፕሮጀክት ሦስት ነገር ልጨምር፦

1. አንዳንዴ የ- እና የ+ መስመሮች ቁርጥ አንድ ይመስላሉ። አንዱ «።» ሌላው ሁለት «፡» ተደርቦ የተጻፈ ሊሆን ይችላል። ለኮምፒውተሩ የተለያዩ ናቸው። ረጅም አንቀጽ ከሆነ «--ወርድ-ዲፍ» ጨምሩበት፣ የተቀየረችውን ቃል ለይቶ ያወጣላችኋል።

2. ሲኤስቪ ፋይል በኤክሴል ከፍታችሁ ሴቭ ስታደርጉ ዩቲኤፍ-8 የሚለውን ካልመረጣችሁ ፊደሉ ሁሉ ???? ሊሆን ይችላል። ዲፉ ላይ ፋይሉ በሙሉ ወጥቶ በሙሉ ሲገባ ካያችሁ ኮሚት አታድርጉ።

3. የፋይሉን ስም «ቡና» ብላችሁት ጊት \341\211\241\341\212\223 ብሎ ካሳያችሁ አትደንግጡ፣ ፋይሉ ደህና ነው። «ኮር.ኮትፓዝ» የሚለውን ሴቲንግ ፎልስ አድርጉት፣ በፊደላችን ያሳያችኋል።

ለውጡ ሁለት ሥራ የቀላቀለ ከሆነ «ጊት አድ -ፒ» በሉ፤ ቁራጭ በቁራጭ እያሳየ ይግባ አይግባ ብሎ ይጠይቃችኋል።

ቴሌግራም ቦት የምትሠሩ ደግሞ ይህቺን ልብ በሉ። ቶክናችሁ + መስመር ላይ ካለ ያኔውኑ አውጡት። ጊትሀብ ላይ ፑሽ ከተደረገ በኋላ በሚቀጥለው ኮሚት መሰረዝ ዋጋ የለውም፣ ታሪኩ ውስጥ ይቀራል። ያኔ ያለው መፍትሔ ቦትፋዘር ጋ ሄዶ ቶክኑን ማስቀየር ነው።

ኔትወርክ የለም የሚል ሰበብም አይሠራም። ታሪኩ ያለው እናንተው ኮምፒውተር ላይ ስለሆነ ዲፍም ኮሚትም ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ «ጊት ዲፍ --ስቴጅድ» ሳትሉ ኮሚት አታድርጉ። የሚያደናግር ዲፍ ከገጠማችሁ ኮሜንት ላይ ለጥፉት፣ አብረን እናነበዋለን።