ስማርት ቦርድ ለሕፃናት የቃላት ማስተማሪያ፤ አስመጪዎች ከማዘዛቸው በፊት ሊያውቁት የሚገባ

የትምህርት መሣሪያ የሚያስመጡና የሚሸጡ ነጋዴዎቻችን «ስማርት ቦርድ» ስለሚባለው የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ ከትምህርት ቤቶች ጥያቄ ሲቀርብላቸው፣ በአብዛኛው የሚመለከቱት የማያውን ስፋትና የዋጋውን ልክ ነው። ይሁን እንጂ የዕቃው ጥቅም የሚለካው በግድግዳ ላይ በመሰቀሉ ሳይሆን፣ አንድ የአንደኛ ክፍል ልጅ ትናንት የማያውቀውን ቃል ዛሬ አውቆ ወደ ቤቱ በመመለሱ ነው። ስለዚህ የመሣሪያውን አሠራርና ለቃላት ትምህርት የሚሰጠውን አገልግሎት በአጭሩ እንገልጻለን።

በመጀመሪያ ስሙን እንመልከት። «ስማርት ቦርድ» በካናዳ አገር በካልጋሪ ከተማ የተቋቋመው ስማርት ቴክኖሎጂስ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1991 ለገበያ ያቀረበው ሰሌዳ የንግድ ስም ነው። በአገራችን ለማናቸውም ተመሳሳይ ዕቃ መጠሪያ ቢሆንም፣ የሌላ ፋብሪካ ሥራ በዋጋ ማቅረቢያና በደረሰኝ ላይ በዚህ ስም እንዳይጻፍ መጠንቀቅ ይገባል።

በቀድሞው ዓይነት ከኮምፒዩተር የሚመጣው ሥዕል በፕሮጀክተር አማካይነት በነጭ ሰሌዳ ላይ ይታያል፤ መምህሩ ወይም ተማሪው በጣቱ ወይም በብዕር ሲነካው ሰሌዳው የተነካውን ስፍራ ለኮምፒዩተሩ ያስታውቃል። አሁን የተስፋፋው ግን ፕሮጀክተር የማያስፈልገው፣ ትልቅ ቴሌቪዥን የሚመስል ማያ ነው። በብዙዎቹ ላይ በክፈፉ ዙሪያ ለዓይን የማይታይ ጨረር ስለሚተላለፍ፣ ጣት ጨረሩን ሲያቋርጥ ስፍራው ይታወቃል።

ለቃላት ትምህርት ይህ መሣሪያ ከጥቁር ሰሌዳ የሚበልጠው በሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ቃልንና ሥዕልን በአንድነት ያቀርባል። የሣር ቤት ሥዕል በማያው ላይ ቀርቦ፣ ልጁ ራሱ ተነሥቶ «ምሰሶ»፣ «ማገር»፣ «ጉልላት» የሚሉትን ቃላት በጣቱ እየሳበ በየቦታቸው ያኖራል። ሁለተኛ፣ ድምፅ ያሰማል። ይህም ለአማርኛ ልዩ ጥቅም አለው፤ ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አያሳይምና። «ገና» ሲላላ «እስከ አሁን»፣ ሲጠብቅ የልደት በዓል ነው፤ «ዋና» ሲላላ በውኃ ላይ መንሳፈፍ፣ ሲጠብቅ ግን አለቃ ወይም ትልቅ ማለት ነው። ልጁ ቃሉን ነክቶ ሁለቱን ድምፅ ቢሰማ ልዩነቱን በጆሮው ይይዛል። ሦስተኛ፣ የተሠራውን ገጽ ያስቀምጣል። በጠመኔ የተጻፈ በዳስተር ሲጠፋ ያልቃል፤ እዚህ ግን የሰኞው ገጽ ሐሙስ ተመልሶ ይከፈታል። አንድ ጊዜ ብቻ የታየ ቃል ፈጥኖ ስለሚረሳ፣ ደግሞ መመለስ ለቃላት ጥናት ዋነኛው መሠረት ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን መሣሪያው ብቻውን እንደማያስተምር የእንግሊዝ አገር ልምድ ያስረዳል። የዚያ አገር መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2004 ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሰሌዳ 10 ሚሊዮን ፓውንድ መድቦ ነበር። በዚያው ዘመን የአምስተኛና የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎችን የተከታተለ የኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ጥናት እንዳመለከተው፣ በመጀመሪያው ዓመት በፈተና ውጤት ጥቂት ብልጫ ቢታይም በሁለተኛው ዓመት አልዘለቀም፤ ትምህርቱ ሲፋጠን ልጆች በቡድን የሚሠሩበት ጊዜም ቀነሰ። በ2007 የቀረበው የማንቸስተር ሜትሮፖሊታን ዩኒቨርሲቲ ጥናት ደግሞ፣ መሣሪያው ከመምህሩ የማስተማር ልማድ ጋር የሚዋሐደው ሁለት ዓመት ያህል ከተሠራበት በኋላ መሆኑን ገለጸ። በአገራችንም እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በፕላዝማ ቴሌቪዥን ይሰጥ የነበረው ትምህርት፣ ተማሪውንና መምህሩን ሳይጠብቅ ያልፋል ተብሎ ይነቀፍ እንደነበር የሚታወስ ነው። ሰሌዳው በአንጻሩ የሚጠብቅ መሣሪያ ነው፤ ግን የሚጠብቀው የሚያዝዘው መምህር ሲኖር ነው።

ከዚህም የተነሣ አስመጪው ከማዘዙ በፊት የሚከተሉትን ነጥቦች ቢመረምር ይበጃል።

ሀ) ፊደል። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ስለሆነ፣ በአማርኛ መጻፍ የማይቻልበት በቂ ምክንያት የለም። ይሁን እንጂ ከመሣሪያው ጋር የሚመጣው ፕሮግራም ቃሉን በትክክል ማሳየቱንና ማስቀመጡን በናሙና ላይ ጽፎ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በእጅ የተጻፈውን ወደ ኅትመት ፊደል የሚለውጠው ክፍል ለላቲን ፊደል ብቻ ከተሠራ፣ ይህ ለገዢው አስቀድሞ ይነገር።

ለ) ኤሌክትሪክና መለዋወጫ። የፕሮጀክተር አምፑል በተለምዶ ከ2,000 እስከ 4,000 ሰዓት ያገለግላል። በቀን 5 ሰዓት፣ በዓመት 200 ቀን ቢሠራ 1,000 ሰዓት ስለሚሆን፣ ከ2 እስከ 4 ዓመት ውስጥ አዲስ አምፑል ይፈለጋል ማለት ነው። መለዋወጫውንና የኤሌክትሪክ ኃይል መጠበቂያውን አብሮ ማስመጣት ተገቢ ነው።

ሐ) ከፍታ። ለአዋቂ ቁመት የተሰቀለ ሰሌዳ ለሰባት ዓመት ልጅ አይደርስም። ከፍ ዝቅ የሚል መቆሚያ ከሌለው ልጁ ተመልካች ብቻ ሆኖ ይቀራል።

መ) ሥልጠና። በሽያጩ ውል ውስጥ መሣሪያው በተተከለ ሰሞን ብቻ ሳይሆን፣ ከጥቂት ወራት በኋላም ለመምህራን የሚሰጥ ትምህርት ቢካተት መልካም ነው።

ትምህርት ቤት ይህን ዕቃ የሚገዛው ከወላጆች በተሰበሰበ ወይም ለመጻሕፍት ሊውል ይችል በነበረ ገንዘብ ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ አቧራ ለብሶ የቆመ ሰሌዳ የትምህርት ቤቱን ገንዘብ ያባክናል፤ የሻጩንም ስም ያጎድፋል። እንግዲህ ሣጥኑን አስረክቦ ከመሄድ ይልቅ አገልግሎቱን ጨምሮ የሚሸጥ ነጋዴ፣ ደንበኛውን ለሁለተኛ ጊዜ እንደሚያገኝ አያጠራጥርም።