መኪናችንን ስንት ጣት ከፍ እናድርገው?

በእኛ ቤት ነሐሴ ሲገባ አንድ ጥያቄ ይነሳል፦ ለመስቀል አገር ቤት እንዴት እንገባለን? ከአዲስ አበባ እስከ ወልቂጤ ያለው ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ አስፋልት ስለሆነ አያስጨንቅም። ከዋናው መንገድ ተገንጥለን ወደ ትውልድ መንደሬ የምንሄድበት የመጨረሻው 14 ኪሎ ሜትር ግን ኮረኮንች ነው። ጎርፍ የቦረቦረው ቦይ፣ የተነቀለ ድንጋይና ጭቃ ይፈራረቁበታል። የጉራጌ ልጅ ሁሉ አገሩ የሚገባው ደግሞ መንገዱ ገና ባልደረቀበት በመስከረም አጋማሽ ነው። መኪናውም ባዶውን አይሄድም። ልጆች፣ ስጦታ፣ ቡናና ስኳር፣ አንዳንዴም የጎረቤት ሻንጣ ይጫንበታል።

ዘንድሮ ጥያቄው ከበዓልም አለፈ። እናቴ ሰማንያን ተሻግራለች። አምና ሐምሌ ላይ ታማ ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ሲኖርባት፣ የተጠራው መኪና ጭቃውን ፈርቶ አስፋልቱ ዳር ቀረ። የሰፈሩ ጎረምሶች በቃሬዛ ተሸክመው አደረሷት። እግዚአብሔር ይመስገን ድናለች፤ ነገር ግን በየሁለት ወሩ ለክትትል የምናመላልሳት እኛ ነን። ስለዚህ የእኛ መኪና በክረምትም ደጇ ድረስ መግባት አለበት።

መኪናችን በፈረንጆች 2003 የተሠራ ራቭ ፎር ነው። ሸጦ ትልቅ መኪና መግዛት በአቅማችን አልሆነም። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ እንደ እኛ በእጁ ያለውን እየጠገነ መያዝን የመረጠ ብዙ ነው።

የ23 ዓመቱ ልጄ መፍትሔውን በስልኩ ይዞ መጣ። "አባዬ፣ ሦስት ኢንች ከፍ እናድርገውና የጭቃ ጎማ እንግጠምለት" አለኝ። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ "ከዚያ እማማን በመሰላል ልታሳፍሯቸው ነው?" አለች። ሁለቱም ልክ ነበሩ። መካከለኛውን መልስ ለማግኘት ሁለት ጋራዥና አንድ ጎሚስታ ዘንድ ተመላለስኩ። የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ ሜትር ይውጣ

ሠላሳ ዓመት በሙያው የቆየው መካኒክ አንድም ብሎን ሳይፈታ "ጋሼ፣ ለመስቀል እንደሚጭኑት ጭነው ያምጡልኝ" አለኝ። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለቱ ልጆቼና 60 ኪሎ ጭነት ሆነን ሄድን። መኪናውን ደልዳላ ሲሚንቶ ላይ አቁሞ ከእያንዳንዱ ቸርኬ መሀል እስከ ላይኛው የቆርቆሮ ጠርዝ ድረስ በሜትር ለካ። ከሥር ገብቶም ለመሬት ከሁሉ የቀረበው የትኛው ዕቃ እንደሆነ አሳየን፤ ማርሚታው ነበር። ከዚያ ወርደን፣ ጭነቱንም አውርደን፣ እንደገና ለካው። የኋላው ልዩነት ስድስት ሳንቲ ሜትር ሆነ።

"የኋላው ሞላ ደክሟል" አለ። "መጀመሪያ ወደ ነበረበት እንመልሰው። ከፍ ማድረጉን ከዚያ በኋላ እናወራለን።"

ይህን ምክር ለማንም አሮጌ መኪና ላለው ቤተሰብ እደግመዋለሁ። ሃያ ዓመት የተሸከመ ሞላ ቁመቱ ይቀንሳል። ለመኪናው በትክክለኛው ልክ የተሠራ አዲስ ሞላና ሾክ አብዞርበር ሲገባ የጠፋው ቁመት ይመለሳል፤ የመኪናውም አካሄድ ፋብሪካው ካሰበለት አይወጣም።

ከፍታው ከየት ይመጣል?

እንደ ራቭ ፎር፣ ቪታራና ተክሰን ያሉት ክሮስኦቨር የሚባሉት መኪኖች ሲያዩአቸው የገጠር መኪና ይመስላሉ፤ ከሥራቸው ግን ለቤት አውቶሞቢል ይቀርባሉ። የድሮው ላንድክሩዘር ግራና ቀኝ ጎማዎቹን የሚያያይዝ ወፍራም ድፍን አክስል አለው። ሞላው ቢቀየርም ያ አክስል ከመሬት ያለው ርቀት አይለወጥም፤ እሱን ከፍ የሚያደርገው ትልቅ ጎማ ብቻ ነው። በእኛ መኪና ግን እያንዳንዱ ጎማ ለብቻው ስለሚንቀሳቀስ፣ ሱስፔንሽኑ ከፍ ሲል ሆዱ በሙሉ ከመሬት ይርቃል። ጥቅሙ ይህ ነው። ጉዳቱም ከዚሁ ይመጣል።

መንገዶቹ ሦስት ናቸው። አንደኛው ከሞላውና ከሾክ አብዞርበሩ በላይ ስፔሰር ማስገባት ነው። ርካሽ ነው፤ ከፊት የ20 ሚሊ ሜትር ስፔሰር መኪናውን በዚያው ልክ ገደማ ከፍ ያደርገዋል። ሁለተኛው ረዘም ወይም ጠንከር ያለ ሞላ ነው። ጭነት ሲበዛ አይወርድም፤ ባዶውን ሲነዳ ግን ሕፃንና ሽማግሌ ያንገላታል። ሦስተኛው ትልቅ ጎማ ነው። የእኛ ጎማ 215/70 አር 16 የሚል ተጽፎበታል። ወደ 225/70 አር 16 ብንቀይረው የጎማው ቁመት በ14 ሚሊ ሜትር ያድጋል፤ የመኪናው ሆድ ከፍ የሚለው ግን በግማሹ፣ በ7 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ቆጣሪው 100 ሲል መኪናው 102 ይሄዳል ማለት ነው።

ከፍታ የሚያስከፍለው

ከካምቢዮ ወደ ጎማ ኃይል የሚወስደው ሰሚያስ በተፈጥሮው ወደ አግድም የተጠጋ ነው። መኪናው ሲነሳ ዘንበል ይላል። ዘንበል ባለ መጠን መታጠፊያውን የሚሸፍነው ላስቲክ ቶሎ ይቀደዳል፤ ጭቃ ይገባል፤ ከዚያ ስንታጠፍ ቋ ቋ የሚለው ድምፅ ይጀምራል። ቴስቲናዎቹም ከልካቸው በላይ ይወጠራሉ። የፍሬን ላስቲክ ቱቦ እጥረት እንዳይገጥመው፣ መኪናው በክሪክ ተነስቶ ጎማው ሲንጠለጠል መታየት አለበት። ከሥራው በኋላ አላይመንት ግዴታ ነው፤ አለዚያ አዲሱ ጎማ በአንድ ጎኑ ተበልቶ ያልቃል። የፊት መብራቱም ወደ ታች ካልተስተካከለ ማታ ከፊት የሚመጣውን ሹፌር ያሳውራል።

ከሁሉ የከበደኝ ግን የመገልበጥ ጉዳይ ነው። የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ከ2001 ጀምሮ መኪኖችን በዚህ የሚመዝንበት አንድ ቀላል ስሌት አለ። በግራና በቀኝ ጎማ መካከል ያለው ርቀት ግማሹ፣ የመኪናው ክብደት ማዕከል ከመሬት ላለው ከፍታ ይካፈላል። ውጤቱ ባነሰ ቁጥር መኪናው ለመገልበጥ ይቀርባል።

በምሳሌ እንየው። የጎማዎቹ ርቀት 150 ሳንቲ ሜትር፣ የክብደቱ ማዕከል ከመሬት 65 ሳንቲ ሜትር ላይ ቢሆን፣ 75 ለ65 ሲካፈል 1.15 ይሆናል። ማዕከሉ በሁለት ሳንቲ ሜትር ከፍ ቢል ወደ 1.12 ይወርዳል። ልጄ ባሰበው በሦስት ኢንች፣ ማለትም በ7.6 ሳንቲ ሜትር ቢነሳ ግን 1.03 ላይ ይደርሳል። በዚህ ላይ ፖርቶመጋላው ላይ ጆንያ ሲጫን ምን እንደሚሆን ማሰብ ነው። ልጄ ስሌቱን በስልኩ ደግሞ ሠራው፤ ከዚያ በኋላ ስለ ሦስት ኢንች አላነሳም። ጭነት ወደ ታች፣ ወደ ውስጥ ይግባ፤ ጣሪያ ላይ የሚወጣው ቀላሉ ብቻ ይሁን።

ጎማውስ?

በሱቅ ሦስት ዓይነት ታገኛላችሁ። ኤችቲ የሚባለው የአስፋልት ነው፤ ጥርሱ ደቃቅ፣ ድምፁ ዝቅተኛ። ኤምቲ የጭቃ ነው፤ ጥርሱ ትልልቅ፣ በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተት ሰፊ። ጭቃውን እየተፋ ይሄዳል፤ እርጥብ አስፋልት ላይ ግን ለመቆም ይዘገያል፣ ያጓራል፣ ነዳጅ ይበላል። ኤቲ በሁለቱ መካከል ነው። ኮረኮንችና መጠነኛ ጭቃ ይችላል፤ ጎኑ ለድንጋይ ጠንከር ይላል፤ አስፋልት ላይም ያስኬዳል። የእኛ ጉዞ ከአሥር እጅ ዘጠኙ አስፋልት ስለሆነ ኤምቲን ወዲያው ተውነው። ኤቲም ቢሆን ከአስፋልት ጎማ ይከብዳል፤ በዝናብ ጊዜ ከፊት ካለው መኪና ያለንን ርቀት ማስፋት አለብን።

ስትገዙ የጎማውን ጎን አንብቡ። ከልኩ ቀጥሎ ያለው ቁጥር የሚሸከመው ክብደት ነው፤ 100 የሚለው አንዱ ጎማ 800 ኪሎ ይችላል ማለት ነው። ፋብሪካው ካዘዘው በታች አትግዙ። ሌላው የተሠራበት ቀን ነው። በአራት አኃዝ 2319 ተብሎ ቢጻፍ በ2019፣ በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው፤ ዘመኑ የፈረንጆች መሆኑን አትርሱ። ጥርሱ ያላለቀ ጎማም ያረጃል። አምስት ዓመት ከሞላው በየዓመቱ በባለሙያ ይታይ፤ አሥር ዓመት የሞላውን ግን ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም አትግጠሙ። "ያገለገለ ነው ግን አዲስ ይመስላል" ሲሏችሁ ጥርሱን ከማየታችሁ በፊት እነዚያን አራት አኃዞች ፈልጉ።

አራቱም ጎማ ኃይል በሚያገኝበት መኪና ሁለቱን አዲስ፣ ሁለቱን አሮጌ ማድረግ አይሆንም። የቁመት ልዩነቱ ኃይል የሚያከፋፍለውን ክፍል ያግለዋል። አራቱም በአንድ ልክና በአንድ ዓይነት ይሁኑ። ስኮርት ጎማውም ልኩ አንድ ይሁን፤ ጎማ የሚፈነዳው ጎሚስታ በሌለበት ቦታ ነውና።

ንፋስንም እንወቅበት። ትክክለኛው መጠን በሹፌሩ በር ጠርዝ በተለጠፈው ወረቀት ላይ አለ። ኮረኮንቹ ሲጀምር እኛ ከ30 ወደ 25 እናወርደዋለን፤ ጎማው ለስለስ ብሎ መሬቱን ይይዛል፣ የኋላ ተሳፋሪም አይናወጥም። ይህ ግን ቀስ ብሎ ለሚነዳ ብቻ ነው። አስፋልት ከመመለሳችን በፊት በመኪናው ባትሪ በምትሠራ ትንሽ ፓምፕ መልሰን እንሞላዋለን። በጎደለ ጎማ አስፋልት ላይ መፍጠን ጎማውን አግሎ ያፈነዳዋል።

ለአያትና ለልጅ ልጅ

የወሰንነው ይህ ነው። አዲስ ሞላና ሾክ አብዞርበር በፋብሪካው ልክ፣ በላዩ የ20 ሚሊ ሜትር ስፔሰር፣ ኤቲ ጎማ በነበረው ልክ። ተጭኖ ሲለካ ከድሮው በሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሏል። ከፍታውን በዚህ የገደበልን የእናቴ ጉልበት ነው። መጀመሪያ የኋላውን ወንበር ከፍታ ለክተን አገር ቤት ከምትቀመጥበት መደብ ጋር አስተያየነው፤ ከዚያ የሚበልጥ ከሆነ ብቻዋን አትወጣም። ልጄ አጭር በርጩማ ከኋላ ጭኖላታል። እጀታውን በአንድ እጅ፣ የልጅ ልጇን ትከሻ በሌላው ይዛ ትገባለች። ባለፈው ሐምሌ ማብቂያ ዝናብ እየዘነበ ከደጇ አሳፍረን ሐኪም ቤት ወስደን መልሰናታል። አንድ ቦታ ማርሚታው ድንጋይ ነካ፤ አልቆምንም።

መኪናው ከፍ ሲል ሌላም የሚቀየር ነገር አለ። ኮፈኑ ከፍ ስለሚል ከፊቱ ያለው የማይታይ ቦታ ይሰፋል፤ ዳዴ የሚል ወይም ቁጢጥ ያለ ልጅ አይታይም። በመስቀል ሰሞን ደግሞ ግቢው ሁሉ ሕፃን ነው። እኛ ያወጣነው ሕግ፣ ሞተር ከመነሳቱ በፊት አንድ ትልቅ ሰው መኪናውን ዞሮ ያያል፣ ልጆቹም ተቆጥረው በረንዳ ላይ ይቆማሉ የሚል ነው። ለሁሉም ሹፌር ይሠራል፤ ለእኔም።

ጀፎረውንም እናስብለት። በሁለት ረድፍ ቤቶች መካከል የተዘረጋው ያ ሰፊ ሣር ሰርግ የሚያልፍበት፣ ለቅሶ የሚቀመጥበት፣ ከብት የሚውልበት የሁላችን ደጅ ነው። ጥርሳም ጎማ እርጥብ ሣር ላይ ሲሽከረከር ቆዳውን እንደሚገፍ ቢላዋ ነው። መኪናው ስለቻለ ብቻ መሀሉን አንነዳበትም። ታማሚ ካልያዝን ዳር አቁመን በእግራችን እንገባለን፤ ሽማግሌዎቹም ሰላም የሚሉን በደስታ ነው።

ለሚያስቡበት ጥቂት ልጨምር። ዓመታዊ ምርመራ የሚያደርግላችሁን ጣቢያና ኢንሹራንሳችሁን ሥራው ከመጀመሩ በፊት ጠይቁ። ከሥራው በኋላ 500 ኪሎ ሜትር ያህል እንደነዳችሁ ብሎኖቹን መልሳችሁ አስጠብቁ፤ የሰሚያሱን ላስቲክም በየአገልግሎቱ አሳዩ። ገንዘቡ ለሁሉም ካልበቃ ቅደም ተከተሉ ጥሩ ፍሬን፣ ጥሩ ጎማ፣ አዲስ ሞላ፣ በመጨረሻ ስፔሰር ነው። ጋራዥ የምትገቡትም በሰኔ ይሁን፤ መስከረም ሲጠባ ወረፋው በር ላይ ይደርሳል።