ጡረታ የወጣ አውሮፕላን ሥራ

መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር የተነሣ ቦይንግ 737 በሁለቱም ሞተሮቹ እርግብ ዋጠ። ሊመለስ ሲል ጎማ ሳይዘረጋ ሜዳ ላይ በሆዱ አረፈና ተያያዘ። ከ104ቱ ሰዎች 35ቱ ሞቱ። ወሬው ሲነሣ በጎጃም ሁሉም ስለ እርግቦቹ ያወራል፤ እኔን የሚገርመኝ የ69ኙ መውጣት ነው። ከሚነድ አውሮፕላን ሰው እንዴት እንደሚወጣ ብዙ ያስተማሩን ደግሞ መብረር ያቆሙ አሮጌዎች ናቸው።

አሮጌው አውሮፕላን በአየር ማረፊያ ጥግ ይቆማል፤ የእሳት አደጋ ሠራተኞች በሩን መክፈት፣ አካሉን በመጋዝ መቁረጥ፣ በጢስ ውስጥ ሰው መፈለግ ይለማመዱበታል። ደጋግሞ ለማንደድ ግን አሉሚኒየሙ ስለሚቀልጥ በአውሮፕላን ቅርጽ የተሠራ የብረት ቤት ይሻላል።

እኔ የምወደው ትራይደንት የተባለውን አሮጌ አውሮፕላን ነገር ነው። በ1985 እ.ኤ.አ. ማንችስተር ላይ አንድ ቦይንግ 737 ለመነሣት ሲንደረደር ተቃጥሎ 55 ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹን የጨረሳቸው ጢስ ነው። ከዚያ በኋላ በክራንፊልድ ሄለን ሚዩር የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በረራ ያቆመ ትራይደንት ውስጥ ፈቃደኞችን አስገብተው «ውጡ» አሏቸው። እንዲያው ሲባሉ በሰልፍ ወጡ። ቀድሞ ለሚወጣው ግማሽ 5 ፓውንድ ጉርሻ ሲታከልበት ግን ወንበር ላይ ተረማመዱ፣ በሩ ላይ ተጣበቁ። ለ5 ፓውንድ! ተመራማሪዋ ክፍሎቹን በሚለዩት ግድግዳዎች መካከል ያለውን መተላለፊያና በክንፉ መውጫ አጠገብ ያለውን የወንበር ርቀት እያሰፉና እያጠበቡ ፈተኑ፤ በሰልፍ ጊዜ የማይታወቀው ጥበት በሽሚያ ጊዜ ገሃድ ወጣ። አምራቾች አውሮፕላናቸው በግማሽ በሮቹ ብቻ በ90 ሰከንድ ባዶ እንደሚሆን ማሳየት አለባቸው፤ እዚያ ግን የሚሻሙበት ጉርሻ የለም።

እንግዲህ ገና ጎማው ሳይቆም ተነሥታችሁ ጓዝ የምታወርዱ፣ የማር ቆርቆሮ ታቅፋችሁ መተላለፊያውን የምትዘጉ ወገኖቼ፣ ስለ እናንተ ነው የማወራው። «እሳት አደጋ ይደርስልናል» አትበሉኝ። መኪናው ቢበዛ በ3 ደቂቃ እንዲደርስ ይጠበቃል፤ ሲደርስም የመጀመሪያ ሥራው በአረፋ መውጫውን ከእሳት መጠበቅ ነው፤ አውሮፕላኑን ማትረፍ ከዚያ በኋላ ይታሰባል።

ለደብረ ማርቆስ አዲስ አየር ማረፊያ የሚለምኑ ካሉ አንድ አሮጌ ኪው 400 ይጨምሩልኝ፤ በአገር ውስጥ መስመር ብዙ ጊዜ የምንሳፈርበት አውሮፕላን እሱ ነውና በሩን የሚያውቅ አዳኝ ያስፈልገናል። መጋዙ ከመነሣቱ በፊት ግን ነዳጁ ይራገፍ፣ ባትሪውና የኦክስጅን ጠርሙሶቹ ይውጡ።