ኃይል የሚታጠፍባቸው ቦታዎች፤ ስለ አሮጌው ላንድክሩዘር ጥገና

ከፒያሳ ተነሥቶ፣ የገነተ ጽጌ ቅዱስ ጊዮርጊስን ካቴድራል ወደ ኋላው ትቶ፣ ቁልቁል ወደ መርካቶ የሚወርድ ሰው ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ላይ ቆም ብሎ ጆሮውን ቢሰጥ፣ ከገበያተኛው ሁካታና ከታክሲ ረዳቶች ጥሪ በታች አንድ ሌላ ድምፅ ይሰማል። ዕድሜው የገፋ፣ ነገር ግን ቁመናው የቀድሞ ማዕርጉን ገና ያልካደ ላንድክሩዘር ቁልቁለቱን ጨርሶ ዳገቱን ሊጀምር ነዳጅ በተሰጠው ቅጽበት፣ ከሆዱ ሥር «ጓ» የምትል አንዲት ምት ታመልጠዋለች። መንገደኛው ልብ አይላትም፤ ባለመኪናው ግን እያንዳንዷ ምት ከኪሱ እንደምትቈጠር ያውቃልና ፊቱ ይጨፈገጋል። የዚህ ጽሑፍ ነገርም ያቺው ምት ናት።

ድልድዩ የተሰየመላቸው ፊታውራሪ ሃብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ፣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የጦር ሚኒስትርነትን ሹመት ተቀብለው እስካረፉበት እስከ 1919 ዓ.ም. ድረስ የቈዩ፣ ከሰይፍ ይልቅ በምክር የሚታወሱ፣ ሕዝቡም ስለ ብልሃታቸው «አባ መላ» ይላቸው የነበሩ ሰው ናቸው። አውቶሞቢልም በአዲስ አበባ የታየው በእርሳቸው የሹመት ዘመን መጀመሪያ፣ ቤንትሌ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነሥቶ እየነዳ ባስገባ ጊዜ ነው። ከዚህም ብዙ ሳይርቅ ሰባራ ባቡር የሚባል ሰፈር አለ፤ አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን በምኒልክ ዘመን ያስመጣው በእንፋሎት የሚሠራ ከባድ መኪና ተሰብሮ በቀረበት ስፍራ ስሙን ትቶ ያለፈ ነው። የከተማችን ሰው የተሰበረ መኪና ጠጋኝ ቢያጣ እንኳ ቢያንስ ለሰፈር መጠሪያ አያባክነውም።

ላንድክሩዘር በአገራችን ከመኪናነት አልፎ ማዕርግ ነው። ሚኒስትሩ፣ የእርዳታ ድርጅቱ ኃላፊና ባለጸጋው ነጋዴ ሲቀመጡበት የኖረው ይህ መኪና፣ በተለይም እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው ባለ 80 እና በ1998 የተከተለው ባለ 100 ቁጥር ዓይነት፣ ዛሬ በብዙው ከሁለተኛና ከሦስተኛ ባለቤት እጅ ደርሷል። የመጀመሪያው ጌታ የሚነዳው በሾፌር፣ የሚጠግነው በመሥሪያ ቤት ወጪ ነበር፤ የዛሬው ጌታ ግን ራሱ ሾፌር፣ ራሱ ከፋይ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን ስላከበደ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በኤሌክትሪክ የማይሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ስለከለከለ፣ ቀድሞ «ሽጠህ ሌላ ግዛ» የሚባለው ሰው አሁን «ያለህን አድን» ይባላል። ስለዚህ መጠገን ብልሃት ብቻ ሳይሆን ግድም ሆኗል።

አሁን ወደ ምቷ እንመለስ። ሞተሩ የወለደው ኃይል በቀጥታ ጎማ ላይ አይደርስም፤ በመጀመሪያ ወደ ካምቢዮው ይገባል፣ ከዚያ ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ወደሚያካፍለው ትራንስፈር ይሻገራል፣ ከዚያም በሁለት ረጃጅም ዘንጎች ወደ ፊተኛውና ወደ ኋለኛው ዲፈረንሻል ይሄዳል፣ ዲፈረንሻሉም ዘጠና ዲግሪ አዙሮ ሰሚያስ በሚባሉት የጎማ ዘንጎች አማካይነት ለቀኝና ለግራ ጎማ ያድላል። መኪናው የሚያረጀው በአብዛኛው ዘንጉ ቀጥ ባለበት ስፍራ አይደለም፤ ኃይሉ በሚታጠፍበት፣ በሚከፈልበትና በሚዞርበት መገጣጠሚያ ነው። ሽማግሌም ቢሆን ሕመሙን የሚያማርረው ከጭኑ አጥንት ይልቅ ከጉልበቱ አይደለምን?

ከመገጣጠሚያዎቹ ሁሉ ቀላሉም ብዙ ጊዜ የሚበላሸውም ክሮቼራ ነው። ስሙ ጣልያንኛ ሲሆን መስቀል መሰል ቅርጹን ያመለክታል፤ ጋራዡ ከአምስቱ የወረራ ዓመታት ከወረሳቸው ቃላት፣ ከካምቢዮ፣ ከፍሪሲዮን፣ ከኩሽኔታና ከዳዶ ጋር የተቀመጠ ነው። (ወራሪው ከወጣ ስንት ዘመን፤ የመካኒኩ ምላስ ግን ነጻነቱን ገና አላወጀም።) መርሑ ከጣልያኑ ካርዳኖ ስም ጋር ከ16ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ይነሣል፤ በ17ኛው መቶ ዓመት እንግሊዛዊው ሁክ መረመረው። በመስቀሉ አራት ጫፎች ላይ መርፌ በመሰሉ ጥቃቅን ብረቶች የተሞሉ አራት ቆቦች አሉ፤ ግራሶው አልቆ ውሃና አቧራ ሲገባባቸው መርፌዎቹ ደቅቀው ዱቄት ይሆናሉ፣ ክፍተቱም ይሰፋል። ኃይሉ ከመጎተት ወደ መግፋት ሲለወጥ ብረቱ ያንን ክፍተት ዘልሎ ከማዶ ይመታል፤ «ጓ» ያለው እርሱ ነው። አስተዋይ ዓይን ደግሞ ከቆቡ ጠርዝ ላይ ቀይ ዝገታም ዱቄት ያያል፤ ይህ ምስክር የሚያሻው ነገር አይደለም።

ይህ መስቀል አንድ እንከን አብሮት ተፈጥሯል፤ ዘንጉ በማዕዘን ሲሄድ የሚሰጠው አዟዟር እኩል አይደለም፣ በአንዲት ዙር ውስጥ ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፣ ሁለት ጊዜ ይዘገያል። ስለዚህ በኋለኛው ዘንግ ሁለት ክሮቼራዎች ይደረጋሉ፤ የፊተኛው ያበላሸውን የኋለኛው ያርመዋል፣ ሁለቱ ግን በትክክል የተያዩ እንደ ሆነ ብቻ። ስለዚህም አዋቂ መካኒክ ዘንጉን ከመፍታቱ አስቀድሞ በቀለም ወይም በመጋዝ ምልክት ያደርግበታል፤ ችኩሉ ግን ፈትቶ እንደ ገጠመው ይመልሰዋል፣ ባለመኪናውም ድምፁን አስጠግኖ መንቀጥቀጥ ገዝቶ ይሄዳል።

እኔ ለዚህ ሥራ ትልቅ አክብሮት ያደረብኝ፣ አንድ ወዳጄን ተከትዬ ከድልድዩ ማዶ ወደ መርካቶ በሚያገባው መንገድ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ በሄድሁ ጊዜ ነው። ወዳጄ ቀድሞ በሌላ ጋራዥ ስለዚያችው ምት የኋላ ዲፈረንሻሉን በሙሉ ለውጦ፣ ገንዘቡን አፍስሶ፣ ምቲቱን ግን እንደ ያዘ መጥቶ ነበር። ሽማግሌው አልነኩትም፤ «እስቲ ልጄ፣ ወደ ድልድዩ ወርደህ ተመለስ፣ እኔ ከጎንህ ልቀመጥ» አሉት። ሲመለሱ አንድምታ እንደሚያስተምር መምህር ነገሩን ከፋፈሉት፤ «ይህ ድምፅ አንድም ክሮቼራ ነው፣ አንድም ዘንጉ የሚንሸራተትበት ጥርስ ግራሶ አጥቶ ነው፣ አንድም የዲፈረንሻሉ ጥርስ ላልቶ ነው፣ አንድም የሞተሩ መያዣ ጎማ ሞቶ ነው።» ወዳጄ ትዕግሥቱ አልቆ «እንግዲህ የትኛው ነው አባባ?» ቢላቸው፣ «እሱን የሚነግረን እጅ ነው፣ ጆሮማ የጠቆመውን ጠቁሟል» አሉና፣ ጎማዎቹ ድንጋይ ተደርጎባቸው፣ ሥር ገብተው ዘንጉን በሁለት እጃቸው እያዞሩ ነቀነቁት። የትርጓሜ ትምህርት ከመጻሕፍት በቀር በብረትም እንደሚሰጥ ያወቅሁት ያን ዕለት ነው።

የፊተኛው መገጣጠሚያ ሌላ ጠባይ አለው። ጎማው ኃይል እየተቀበለ ደግሞ ወደ ቀኝና ወደ ግራ መዞር ስላለበት፣ እንደ ክሮቼራ የሚፈጥንና የሚዘገይ ነገር አይስማማውም፤ ስለዚህ ስድስት ክብ ብረቶች በጎድጓዳ መንገዶች ውስጥ የሚንሸራተቱበት፣ አዟዟሩ ሁልጊዜ እኩል የሆነ «ሲቪ ጆይንት» የሚባል ይገጠምለታል። ሲያረጅ መሪው ጥግ ድረስ ሲዞር «ጠቅ ጠቅ» ይላል፣ በጸጥታ ሌሊት እንደሚሰማ ሰዓት። በባለ 100ው ላይ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከብረቱ አይደለም፤ ከሚሸፍነው ጎማ ነው። ሽፋኑ ሲቀደድ ግራሶው እየተሽከረከረ ይረጫል፣ አቧራው ቦታውን ይወርሳል፤ ጥቂት ብር የሚያወጣውን ሽፋን በጊዜው ያልለወጠ ሰው ብዙ ብር የሚያወጣውን ብረት ይለውጣል። በባለ 80ው ላይ ግን መገጣጠሚያው በብረት ክብ ውስጥ የታሸገ ስለሆነ፣ የድሮ መካኒኮች አንዲት ግሩም መላ አለቻቸው፤ ጎድጓዱ የሚበላው መኪናው ወደፊት በሚገፋበት ወገን ብቻ ነውና፣ የቀኙን ወደ ግራ የግራውን ወደ ቀኝ ያዛውሩታል፣ ያኔ ያልተነካው ወገን ሸክሙን ይረከባል፣ ጥቂት ዘመንም ይገዛል።

ዲፈረንሻል ግን እንዲህ በመላ አይታለልም። ኮሮናና ፒኞን የሚባሉት ሁለቱ ጥርሳም ብረቶች በፋብሪካ እርስ በርሳቸው ተፋትገው የተጋቡ ናቸውና አንዱን ለውጦ አንዱን መተው ጋብቻ ማፍረስ ነው። በመካከላቸው የሚቀረው ክፍተት የሚሰላው በሚሊሜትር ክፋይ ነው፤ ጥርሱን ቀለም ቀብተው አዙረው የሚተወውን አሻራ ያነባሉ፣ አሻራው ወደ ጥርሱ ጫፍ ወይም ወደ ሥሩ ካደላ እንደገና ይፈቱታል። ሕመሙም በዜማው ይለያል። ነዳጅ ሲሰጥ ብቻ የሚያለቅስ ከሆነ የጥርሱ መጎተቻ ወገን ተበልቷል፤ ነዳጅ ሲለቀቅ ካለቀሰ ተቃራኒው፤ ሳይለይ የሚያጉረመርም ከሆነ ኩሽኔታው ነው። ዘይቱ እንደ ወተት ነጥቶ ከተገኘ ውሃ ገብቶበታል፤ የመተንፈሻው ቀዳዳ በጭቃ ሲደፈን ውስጡ ይታፈንና ዘይቱ በማገጃው በኩል ይወጣል፣ ሰውም ማገጃውን ደጋግሞ ይለውጣል እንጂ ቀዳዳውን አይጠርግም።

ስለ ትራንስፈሩ አንድ ቃል ብቻ ልጨምር። ብዙዎቹ እነዚህ መኪናዎች አራቱንም ጎማ ዘወትር ስለሚነዱ በመካከል ሦስተኛ ዲፈረንሻል አላቸው። ባለቤቱ ሁለት አዲስና ሁለት ያለቀ ጎማ አድርጎ ቢነዳ፣ ወይም የመካከሉን ቁልፍ ቆልፎ በደረቅ አስፋልት ቢሄድ፣ ዘንጎቹ ሳይግባቡ እርስ በርሳቸው እየተጓተቱ ይኖራሉ፤ የሚከፍለውም ያ መካከለኛ ነው።

መለዋወጫው በብዛት ያለው ሶማሌ ተራ ነው። እዚያ «ኦርጅናል» የሚለው ቃል ብዙ ትርጓሜ አለው። ያገለገለ ክሮቼራ መግዛትን እኔ አልመክርም፤ ያገለገለ ኮሮናና ፒኞን ግን ከነቤቱ የወጣ ከሆነ፣ ጥርሱ በሙቀት ሰማያዊ ካልሆነ፣ ኩሽኔታውም በእጅ ሲዞር ሸካራ ካልሆነ፣ ከርካሽ አዲስ ይሻላል። ሽማግሌው ዕቃ በጨርቅ ጠርገው በፀሐይ ሲያዩት ነጋዴው ዋጋውን ሳይጠየቅ ይቀንሳል።

የወዳጄ ክሮቼራ ተለወጠ፤ ዘንጉ ምልክቱ ከምልክቱ ተገጥሞ ታሰረ፤ ግራሶው ተሞላ። ሽማግሌውም እንደገና ከጎኑ ተቀምጠው ቁልቁል ወርደው ድልድዩን ተሻግረው ተመለሱ። ምቲቱ የለችም። ወዳጄ ፊቱ ሊፈካ ሲል ግን ሽማግሌው እጃቸውን አነሡ፤ ምቲቱ ሸፍናት የኖረች ቀጭን ልቅሶ፣ ነዳጅ ሲለቀቅ ብቻ፣ ከኋላ ተሰማች። ያ አዲስ ተብሎ የተገዛው ዲፈረንሻል ነበር። «ይሄ አይቸኵልም» አሉ ወርደው በሩን እየዘጉ፤ «ዘይቱን ለውጥና ከፋሲካ በኋላ አምጣው።»