እጅ ሲደነዝዝ ሞተር መንዳት እስከ መቼ?

ሞተር ሳይክል የሚነዱ ሰዎች «ሌሊት እጄ ደንዝዞ ይቀሰቅሰኛል» ብለው ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍላችን ሲመጡ መጀመሪያ የምጠይቀው የትኞቹ ጣቶች እንደሆኑ ነው። አውራ ጣት፣ ጠቋሚና የመሃል ጣት ከሆኑ በእጅ አንጓ ጠባብ መተላለፊያ የሚያልፈው ሚዲያን ነርቭ ሳይጫን አይቀርም። ትንሿ ጣት ከሆነች ነርቩ ሌላ ነው። ንዝረት፣ መሪ አጥብቆ መጨበጥና አንጓን አጥፎ መቆየት ያባብሱታል። የስኳር ሕመምተኞች ደግሞ ይበልጥ ይጋለጣሉ።

ቀኝ እጅ ነዳጅ ይሰጣል፣ የፊት ፍሬንም ይይዛል፤ ሞተሩን በዋናነት የሚያቆመውም የፊቱ ፍሬን ነው። ግራው ፍሪሲዮን ላይ ነው። የደነዘዘ እጅ ይዞ መንገድ መውጣት ለእግረኛውም አደጋ ነው።

ድንዛዜው መጥቶ የሚሄድ ከሆነ ለጥቂት ሳምንታት ከሞተር ማረፍና ማታ አንጓን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ድጋፍ ማሰር ብዙዎችን ይረዳል። ቀኑን ሙሉ ካልለቀቀ፣ ዕቃ ከእጅ የሚያመልጥ ከሆነ ወይም በአውራ ጣት ሥር ያለው ሥጋ ከሟሸሸ ግን መንዳት አቁማችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ያ ጡንቻ አንዴ ከከሳ ከቀዶ ሕክምና በኋላም ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል።

በሞተር ዕቃ እያደረሰ ቤተሰብ ለሚያስተዳድር ሰው «አቁም» ማለት በጣም ይከብደኛል። እባካችሁ፣ ገና ሌሊት ሌሊት ብቻ ሲደነዝዛችሁ ኑ።